የብርሃነ መስቀል ብርሌ

በ1946 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የፖሊስ መቶ አለቃ ገብረ ጻድቅ ከደብረ ብርሃን ተጠርቶ አንኮበር ሲደርስ፣ ታመነ የፊጥኝ ታስሮ ከሟቹ ቤት በር ምሰሶ ሥር ተቀምጦ ነበር። ሟቹ የታመነ ታላቅ ወንድም ብርሃነ መስቀል ነው። ከኮሪያ ዘመቻ ከተመለሰ ዓመት አልፎታል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ከአንደበቱ አንዲት ቃል አልወጣችም። ትናንት እኩለ ቀን ላይ ሞቶ ተገኘ። ባለፈው ሳምንት ታመነ በእርሻ ድንበር ጮኾበት ነበር፤ ሟቹ መጨረሻ የጠጣውን ጠጅ ያመጣውም እሱ ነው። የመንደሩ ሰው ከዚህ በላይ አልጠየቀም።

መቶ አለቃው የሟቹን ዐይን ገለጥ አደረገ። ብሌኑ ከመጠን በላይ ሰፍቷል። ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። የጋቢው ጫፍ በጣቶቹ ተነጭቶ ክሩ ተበትኗል። ከራስጌው ያለውን ብርሌ አንሥቶ ወደ ብርሃን አዞረው፤ ከግርጌው ቡናማ የፍሬ ስብርባሪ ተጣብቋል።

«ጠጁን ለምን አመጣህለት?» ሲል ታመነን ጠየቀው።

«ስለጮህኩበት ነዋ፣ ጌታዬ። ይቅር እንዲለኝ። ገንቦውን ለእናቴ ሰጥቼ ወደ እርሻ ወረድኩ።»

«እኔም ከዚያው ገንቦ ቀምሻለሁ፤ ምንም አልሆንኩ» አሉ እናቱ ወይዘሮ በሰለች። «ከዚያ ለምራቴ ትቼላት ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ።»

የሟቹ ሚስት አልታየች ጥግ ላይ ተኮራምታ ነበር።

«ሲሞት የት ነበርሽ?»

«ምንጭ ወርጄ ነበር። ውሃ ስጪኝ ሲለኝ እንስራው ባዶ ሆነብኝ። ስመለስ ሞቶ አገኘሁት።»

መቶ አለቃው ወደ ጎረቤታቸው ወደ መሪጌታ ዘርአ ዳዊት ዞረ። ሽማግሌው የብራና የመድኃኒት መጽሐፍ እንዳላቸው አገሩ ሁሉ ያውቃል።

«ይህን ፍሬ ያውቁታል?»

መሪጌታ ብርሌውን ወደ ዐይናቸው አስጠጉ።

«አስተናግር ነው። ያስቀባጥራል፤ ሲበዛም ይገድላል።»

«በመጽሐፍዎ ውስጥ አለ?»

«አለ። እሑድ ለት ለነዚህ ለሁለቱ ሴቶች ስለ ጠጅ ጥንት ሳጫውታቸው ነበር። የመጀመሪያውን ጠጅ ሰው አልጠመቀውም፤ ዝናብ የዛፍ ሽንቁር ውስጥ ካለ ማር ጋር ተደባልቆ ፈላ፤ የቀመሰው ሰው ደስ ቢለው መንፈስ ያደረበት መሰለው ብለው አባቴ ይነግሩኝ ነበር። የጥንት ሰዎች መድኃኒቱን ሁሉ በጠጅ ይሰጡ የነበረው ለዚህ ነው። ከዚያ ‹አንደበቱ ለተዘጋ፣ አስተናግር በጠጅ› የሚለውን አነበብኩላቸው። ስሙ አስተናግር ስለሆነ ያናግራል ብለው የጻፉት ነው። እንዳትሞክሩት ማለት ነበረብኝ። አላልኩም።»

ገብረ ጻድቅ ሁሉንም ሬሳው ዙሪያ ሰበሰበ። የታመነን እጅ ራሱ ፈታ።

«መርዙ ብርሌው ውስጥ እንጂ ገንቦው ውስጥ አልነበረም፤ ስለዚህ የምፈልገው ጠጁን የቀዳለትን እንጂ ያመጣለትን ሰው አይደለም። መሪጌታ ስለ አስተናግር ሲያነቡ የሰሙት ሁለት ሴቶች ናቸው፤ እናቱ ግን ቤተ ክርስቲያን ነበሩ። ሁለተኛዋ ‹ውሃ ስጪኝ አለኝ› አለችኝ። ዓመት ሙሉ ዝም ያለ ሰው ሲናገር የሰማ፣ መንደሩን በእልልታ ይጠራ ነበር። እሷ ግን ደበቀችው፤ ምን እንዳናገረው ታውቃለችና።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አልታየች፣ ልትገድይው እንዳልፈለግሽ አውቃለሁ።»

አልታየች ቀና ሳትል ተናገረች።

«መጀመሪያ በጠላ በትንሹ ሰጠሁት፤ ዝም አለ። ትናንት ጠጁ ሲመጣ፣ መጽሐፉ ጠጅ ነው ያለው ብዬ እፍኝ ሙሉ ፈጨሁበት። በዘመተ ጊዜ ዓመት ጠበቅሁት። ከመጣ ወዲህ ደግሞ ፊቴ ተቀምጦ ሌላ ዓመት ጠበቅሁት። ስሜን አንዴ እንኳ ቢጠራኝ ብዬ ነው።»

«ጠራሽ?»

«ብዙ ሰው ጠራ። አብረውት የዘመቱትን መሰለኝ፤ ‹ተኙ! መሬት ያዙ!› እያለ ይጮኽባቸዋል። ውሃ ለመነኝ። የኔን ስም ግን አልጠራም።»

ታመነ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። መቶ አለቃው ይዟት መሄድ እንዳለበት ያውቃል፤ ግን አልቸኮለም።

ወይዘሮ በሰለች ከልጃቸው ራስጌ ተነሥተው ምራታቸው አጠገብ ቀስ ብለው ተቀመጡ። በቤቱ ያለው ሁሉ ይረግሟታል ብሎ ጠበቀ።

«ድምፁ» አሉ በሰለለ ድምፅ፣ «የድሮው ነበር?»

«የድሮው ነው፣ እማማ።»

ራሷን ወደ ደረታቸው ሳብ አደረጉና፣ ልጃቸው የተናገረውን አንድም ሳታስቀር እንድትነግራቸው ለመኗት።