ሳጥኑን የወሰደው እጅ

ጊታሪስቱ በልምምድ ክፍሉ ምንጣፍ ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱን በከባድ ነገር ተመትቷል፤ የተመታበት ዕቃ ግን የለም። ስፒከሩ አብሮት የተገጠመለት አምፕሊፋየር እንደበራ ነው፤ ቮልዩሙም እስከ መጨረሻው ተከፍቷል።

ባልደረቦቹ «አይቀመጤ» የሚሉት መርማሪ ክፍሉን ሲዞር ምንጣፉ ሊያልቅ ምንም አልቀረው። የሟች ሚስት የቀሚሷን ጫፍ ትጠመዝዛለች። ተጠርጥራ ወደ ጣቢያ ሊወስዷት ስለሆነ ሕፃን ልጇን አንዲት ፖሊስ ተቀብላታለች።

«እህቴ፣ ከግድግዳው ማዶ ሆነሽ ምንም አልሰማሽም?»

«ሲጫወት ሰምቻለሁ፤ ግን በቀስታ ነበር። ከልጁ ጋር እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ።»

«በዚህ ቮልዩም?»

«ሳጥን ነበረው እኮ! ከአምፕሊፋየሩና ከስፒከሩ መሀል የሚገባ፣ የብረት፤ ድምፁን ይውጠዋል። ልጁ ከተወለደ ወዲህ ያለሱ ተጫውቶ አያውቅም። አሁን የለም።»

በሩ አጠገብ የቆመው አምፕሊፋየር ሠሪ «የምን ሳጥን?» አለ። «ይህን አምፕሊፋየር በእጄ የሠራሁት እኔ ነኝ። ዛሬም ድምፁ መንገድ ተሻግሮ ሱቄን ሲያንቀጠቅጠው ነበር።»

የሟች ወንድም፣ የባንዱ ዘፋኝ፣ ዓይኑ ደም ለብሷል። «እኔን ስለ ሽቦ አትጠይቁኝ። ማይክ ሲሰጡኝ እዘፍናለሁ፤ ሌላ አላውቅም።»

መርማሪው አጎንብሶ የአምፕሊፋየሩን አናት አየ፤ ከኋላው ያለውን የስፒከር ሽቦም ነካ። ከዚያ ሦስቱንም አስቀመጣቸው፤ እሱ ግን አልተቀመጠም።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኔ ግን እስኪያድር አልችልም» አለ። «ሳጥኑ ነበር። ኃይሉን ወደ ሙቀት ስለሚለውጠው ይግላል፤ አምፕሊፋየሩ አናት ላይ አራት ማዕዘን የግለት ምልክት ትቷል። ጎረቤት ሁሉ ዛሬ ምንም አልሰማንም ብሏል። ገዳዩ የመታበትን ሳጥን ይዞ ሄደ፤ ከመሄዱ በፊት ግን የስፒከሩን ሽቦ መልሶ አምፕሊፋየሩ ላይ ሰካው። እህቴ፣ ሳጥኑን ብትወስጂ ሽቦውን ምን ታደርጊዋለሽ?»

«የቱን ሽቦ?»

ወንድምየው «እኔማ በጥሼው እሮጣለሁ» አለ።

መርማሪው ጊታሩን አንስቶ አንድ ክር መታ። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፤ ሕፃኑ ብርግግ ብሎ ጮኸ። መርማሪው ወዲያው የስፒከሩን ሽቦ ነቀለና እንደገና ሊመታ እጁን አነሳ።

«ተው! ያለ ስፒከር ይቃጠላል!» አምፕሊፋየር ሠሪው ዘሎ ሽቦውን ሰካ። እጁ እዚያው ደርቆ ቀረ።

«ከሦስታችሁ ይህን የሚያደርግ እጅ አንድ ብቻ ነው» አለ መርማሪው። «ልትገድል መጥተህ እንኳ ዕቃህ አሳዘነህ።»

«ልገድል አልመጣሁም!» ሰውየው ወለሉ ላይ ዘጭ አለ። «ስንት ዘመን የደከምኩበትን ድምፅ ቆርቆሮ ውስጥ አነቀብኝ። አንዴ ብቻ ክፈተውና ልስማው ብዬ ለመንኩት። ልጁ ተኝቷል አለኝ። እልህ ያዘኝ፤ ሳጥኑን ነቅዬ አነሳሁት። መልሶ ሊሰካው አጎንብሶ ሽቦውን ሲፈልግ...»

ሕፃኑ አሁንም ያለቅሳል።

«ስትመታውስ ልጁ ነቃ?» አለችው ሚስትየዋ።

«አልነቃም።»

ፖሊሷ ሕፃኑን ለእናቱ መለሰችላት።