ከእህል በረንዳው ጀርባ

«ይሄንንም ጎትቺው!» አለች ሜላት፣ አፍንጫዋን በሻርፗ እንደሸፈነች።

ሰብሊ የጥቁሩን ላስቲክ ጫፍ ይዛ ሳበችው። ላስቲኩ ከታሰረበት እንጨት ተላቅቆ ሲወድቅ፣ ማዳበሪያ አንጥፈው የተኙ አንዲት ሴት ታዩ። አጠገባቸው ጉልበቷን ያቀፈች ልጅ ተቀምጣለች። ልጅቷ ቀና አለች። ሀብትነሽ ነበረች።

ለግንቦት ሃያ በዓል ሦስት ቀን ቀርቷል። ለበዓሉ ወደ ፍኖተ ሰላም እንግዶች ይመጣሉ ስለተባለ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ለጽዳት ዘመቻ ወጥተዋል። ለእነሰብሊ የደረሳቸው ከእህል በረንዳው ጀርባ ያለው የግንብ ጥግ ነው። መምህር ላቀው «ቆሻሻውን አንሱ» አሉ እንጂ ሰው አለበት አላሉም።

ሀብትነሽ አምና ከሰብሊ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ነበር የምትቀመጠው። አባቷ ጅጋ አጠገብ ያርሱ ነበር። እሳቸው ሲሞቱ አጎቶቿ መሬቱን ያዙትና እናትና ልጅ ከተማ ገቡ። እናቷ ወይዘሮ ወለተ ሐና ጠላ እየጠመቁ አንዲት ክፍል ተከራይተው ኖሩ፤ ኋላ ግን ታመሙ። ሀብትነሽ ትምህርቷን ስታቋርጥ «ባሕር ዳር አክስቴ ጋ ልሄድ ነው» ብላ ነበር። ሰብሊም አምናታለች።

አሁን ሀብትነሽ ዐይኗን ከሰብሊ ሳትነቅል ራሷን በቀስታ ነቀነቀች። እንዳታውቂኝ ማለቷ ነው።

«ታውቂያታለሽ እንዴ?» አለች ሜላት።

«አላውቃትም።»

«እነዚህ እኮ ለምደውት ነው። ሥራ ብትሰጫቸው ራሱ አይሠሩም። ሼም ነው በናትሽ፣ እንግዳ ሲያያቸው ምን ይላል?»

ወይዘሮ ወለተ ሐና ለመቀመጥ ሞክረው አቃታቸው። «እናንተ ልጆች፣ እባካችሁ ላስቲኩን እንኳ ተዉልን። ሰማዩ ጠቁሯል» አሉ።

«ምን ትጠብቃላችሁ?» ሲሉ መምህር ላቀው ከወዲያ ጮኹ። ሰብሊ ላስቲኩን ጠቅልላ ክምሩ ላይ ጣለችው። አንዱ ክብሪት ጫረበት። ጭሱ ዐይኗን ሲያቃጥላት ስለ እንባዋ ማንም አልጠየቃትም።

ከሰዓት ዝናቡ ወረደ። ሰብሊ እናቷን ተከትላ ማጀት ገባችና ያየችውን ነገረቻት።

«የማገዶ ማስቀመጫ ቤታችን ባዶ አይደል? ለጊዜው ቢገቡበትስ?»

«ሰው ዝም ብሎ መንገድ ላይ አይወድቅም» አለች እናቷ። «የሆነ ነገር ቢኖራቸው ነው። ደግሞስ ዛሬ ብናስገባቸው ነገ ማን ያስወጣልናል?»

በማግስቱ ጠዋት ሰብሊ ለትምህርት ቤት ወጥታ ወደ እህል በረንዳው ታጠፈች። ሀብትነሽ ልብሷ ከገላዋ ተጣብቆ እናቷን ደግፋ ተቀምጣለች። ወይዘሮ ወለተ ሐና ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«ዛሬ ደግሞ ምን ልትጎትቺ መጣሽ?» አለች ሀብትነሽ።

ሰብሊ ጎንበስ ብላ በአንድ ወገን የሴትዮዋን ብብት ያዘች። ሀብትነሽ በሌላው ወገን ያዘች።

ጤና ጣቢያው ቅርብ ነበር፤ ግን ሦስት ጊዜ አረፉ። ደጃቸውን የሚጠርጉ ነጋዴዎች እንዳይነኳቸው ዞር አሉ። አንዲት ሴት አማተበችና መንገድ ተሻገረች። ትናንት ላስቲኩን ስትጎትት ሰብሊም እንዲሁ እጇን አርቃ ነበር።

ካርድ ጸሐፊው በመስኮቱ በኩል ሳያያቸው ጠየቀ።

«ስም?»

«ወለተ ሐና ስመኘው» አለች ሀብትነሽ።

«ዕድሜ?»

«ሠላሳ ስምንት።»

ሰብሊ ደነገጠች። ስድሳ የሞላቸው ነበር የመሰላት።

«የቤት ቁጥር?»

ሀብትነሽ መሬት መሬት አየች።

«የቤት ቁጥር አልኩ! ከኋላችሁ ሰው አለ።»

ሰብሊ ዞር ስትል ከሰልፉ መሀል ጎረቤታቸው እትዬ ታንጉት አንገታቸውን አስግገው ያዩአታል። እናቷ እኩለ ቀን ሳይሞላ እንደምትሰማ ገባት። የእናቷ ቁጣ፣ ሜላት ለክፍሉ የምታወራው ሁሉ በአንድ ጊዜ ታያት።

«ሦስት መቶ አሥራ ሰባት» አለች።

ጸሐፊው ቀና ብሎ ዩኒፎርሟን አየ። «የማን ቤት ነው?»

«የእኛ።»