ከጽፋት ጉዞ የተሰረዘው መስመር

አቶ ይኄይስ እሑድ ጠዋት፣ በእስራኤል፣ በቂርያት ጋት ከተማ፣ በቤተ እስራኤል አረጋውያን ክበብ ደረጃ ሥር ሞተው ተገኙ። ዓርብ ከሰዓት፣ ሰው ሁሉ ለሰንበት ወደ ቤቱ ሲጣደፍ፣ አዳልጧቸው ነው ተባለ። መርማሪዋ ኦሪት ግን የአስከሬኑን ፎቶግራፍ አይታ ከንፈሯን ነከሰች። ዐይኖቻቸው ተከድነዋል፤ እግሮቻቸው ተገጥመዋል። ከደረጃ የወደቀ ሰው ራሱን አይገንዝም።

ረቡዕ ወደ ክበቡ ሄደች። ግድግዳው ላይ ሟቹ በእጃቸው የጻፉት የጉዞ ዕቅድ ተለጥፏል። ጉዞው ሽማግሌዎቹ በስደት መጥተው መጀመሪያ ወዳረፉባት፣ ተራራ አናት ላይ ወዳለችው ጥንታዊት ጽፋት ነው። አሮጌው ከተማ፣ ያረፉበት ሆቴል፤ ሦስተኛው መስመር ተሰርዟል። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ስታዞረው ተነበበ፤ «መካነ መቃብር»።

የጉዞው ሾፌር ጌታዬ እጇን ጠበቅ አድርጎ ጨበጣት።

«ከሟቹ ጋር ተጣልተሃል አሉ።»

«አውቶቡስ እዚያ መቃብር ድረስ አይዞርም፣ እንተወው አልኳቸው። ‹የምንሄደው ለሱ ነው› ብለው ጮኹብኝ። በቃ! ዓርብ ደግሞ አገር ጫፍ፣ ኤይላት ነበርኩ።»

እውነቱን ነበር፤ ኤይላት መዋሉ ተረጋግጧል።

የተጓዦቹን ስም የመዘገቡት እማማ አገርነሽ ኦሪትን አቅፈው ሳሟት።

«ይኄይስ ‹አንቺ ካልመጣሽ ጉዞው ይቅር› አለኝ። እንጃለት! እኔ የማውቀው መንገድ የአውሮፕላን ማረፊያውን ነው። ወንድሜ አይቸው ሱዳን ቀርቷል። አዲስ ገቢዎች በመጡ ቁጥር ሄጄ እጠብቀዋለሁ፤ ይኸው ሃያ አራት ዓመቴ።»

«ሱዳን መቅረቱን ማን ነገረዎት?»

«ባሌ ነዋ። አብረው ነበሩ።»

ባላቸው አባ አለነ ጓሮው ውስጥ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። ኦሪት እጇን ብትዘረጋ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ እንጂ እጃቸውን ከጋቢያቸው አላወጡም።

«አስከሬኑን አይተውታል?»

«የት አይቼ! ጉልበቴን አሞኝ ከቀብርም ቀረሁ።»

«ወደ ውስጥ ይግቡ እንጂ።»

«እዚህ ይሻለኛል፣ ልጄ።»

«ከሐዘኑ ብዛት ቤትም በረንዳ ላይ ነው የሚያድረው» አሉ እማማ አገርነሽ።

ኦሪት አባቷ ትዝ አሏት። አያቷን የገነዙ ጊዜ ሰባት ቀን በረንዳ ላይ ተቀምጠው፣ ማንንም ሳይነኩ፣ ጎረቤት ሲስቅባቸው ሰንብተዋል። ወዲያው ወደ ጽፋት መካነ መቃብር ስልክ ደወለች።

ሐሙስ ሁሉንም ጓሮው ውስጥ ሰበሰበች።

«ደግሞ ምን ተገኘ? መርዶ አስመሰላችሁት እኮ!» አሉ እማማ አገርነሽ ሲቀመጡ።

«አቶ ይኄይስን የገነዛቸው የሚወዳቸው ሰው ነው» አለች ኦሪት። «ሌባ የሟች ዐይን አይከድንም። ሬሳ የነካ ደግሞ፣ በወጋችን፣ ሰባት ቀን ሰው አይነካም፣ ቤትም አይገባም። ጌታዬ ጨብጦኛል፣ እማማ አቅፈውኛል። አባ አለነ፣ ሬሳ ካላዩ፣ ከቀብርም ከቀሩ፣ ውጭ የሚያድሩት ለምንድን ነው?»

ኦሪት እጇን ዘረጋችላቸው።

«ተሳስቼ ከሆነ እጄን ይጨብጡኝ። ይቅርታ ጠይቄ እሄዳለሁ።»

አባ አለነ የተዘረጋውን እጅ ትክ ብለው አዩት። አንድ ጊዜ ቢጨብጡ ይድኑ ነበር። አልጨበጡም።

«ልገድለው አልነበረም። መስመሩን ስሰርዝ ደረሰብኝ። ‹ሳልነግራት አልሞትም› አለኝ። ገፋሁት።»

«ምኑን ሳይነግረኝ?» አሉ እማማ አገርነሽ።

ኦሪት መልሱን ከጽፋት ሰምታዋለች። ማስረጃውን ሁሉ አዘጋጅታለች፤ ለዚህች ሴት ግን ምንም አላዘጋጀችም።

«አይቸው ሱዳን አልቀረም» አሉ አባ አለነ። «ጽፋት ነው የሞተው። እኔና ይኄይስ ቀበርነው። ልነግርሽ ስል አረገዝሽ፣ ከዚያ አራስ ሆንሽ፣ ከዚያ... አፈርኩ።»

እማማ አገርነሽ ዙሪያቸውን አዩ። ሰው ሁሉ አቀርቅሯል። ነጠላቸውን ከራሳቸው አውርደው ወገባቸውን ታጠቁበትና ወደ ባላቸው ተንደረደሩ።

«አትንኪኝ!» አሉ አባ አለነ ወደ ኋላ እያፈገፈጉ። «ሰባተኛው ቀን አልሞላም!»

ሴትዮዋ ባሉበት ቆሙ።

«አልነካህም። እስር ቤት ይሙላልህ።»

ከዚያ ወደ ሾፌሩ ዞሩ።

«ጌታዬ፣ አውቶቡሱ እስከሚዞርበት ድረስ ውሰደኝ። የቀረውን በእግሬ እሄዳለሁ።»