ባለ ቢጫ ዣንጥላዋ

የማዳመጫውን አንድ ጆሮ ብቻ ሰክቼ፣ ወደ ታች የምትወስደውን ቁልፍ እየተጫንኩ፣ ሥዕል በሥዕል እወርዳለሁ። «ዝናብ። ጠባብ መንገድ። ወጣቱ ኮቱን ራሱ ላይ ጥሎ ይሮጣል» ይላል የኮምፒውተሩ ድምፅ።

ሥራዬ ይኸው ነው። በየሳምንቱ ኢንተርኔት ላይ የሚወጣውን ኮሚክ፣ በሥዕል የሚተረከውን ታሪክ፣ እንደኔ ያሉ ዓይነ ስውራን እንዲያነቡት፣ ለየሥዕሉ የተጻፈውን መግለጫ አዳምጬ አርማለሁ። ጸሐፊው ራሱ ሰዓሊው ነው፤ ከጠረጴዛዬ ትይዩ ይቀመጣል።

የመጀመሪያ ቀን «ሰውዬው አዝኗል» ብሎ ጽፎ አገኘሁት።

«ማዘኑን በምን አወቅህ?»

«እ... አንገቱን ደፍቷል።»

«እሱን ጻፈዋ! ማዘኑን ለኔ ተወው። ሥዕሉ ላይ ያለውን ሁሉ ንገረኝ፤ የሚጠቅመኝን እኔ እመርጣለሁ።»

«እሺ፣ አለቃዬ» አለና ሳቀ። ዝግ ያለ ሳቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያንን ሳቅ ስጠብቅ ነው የምውለው። ብርቱካን ልጦ እጄ ላይ ያኖርልኛል። እስከ ታክሲው ይሸኘኛል። «አንድ ነገር ልንገርሽ...» ይልና «ነገ» ይላል። ነገ አያልቅበትም።

አንድ ዝናባማ ቀን ከታናሽ እህቴ ጋር የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመን ሳለ፣ አንዲት ልጅ ጮኸች።

«ውይ! ባለ ቢጫ ዣንጥላዋ! ኮሚኩ ላይ ያለሽው አንቺ ነሽ አይደል?»

«ተሳስተሻል የኔ እህት፤ የኔ ዣንጥላ ጥቁር ነው።»

እህቴ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«...ስገዛልሽ ሱቁ ውስጥ ጥቁር አልነበረም» አለች። «ደግሞ ቢጫው ያምርብሻል።»

«ኮሚኩስ?»

«አላየሁም! ዓይኔን ግንባር ያርገው!»

«የኔ ግንባር ከሆነ ቆየ። ያንቺ ያያል፤ ንገሪኝ።»

ነገረችኝ። በየሳምንቱ፣ ከሰዎቹ ኋላ፣ ነጭ በትርና ቢጫ ዣንጥላ የያዘች ሴት አለች። ፀጉሯ የኔ ነው። አገጯ ላይ ያለችው ጠባሳ እንኳ የኔ ናት። አንባቢዎቹ «ሰዓሊው ልቡ ጠፍቷል» እየተባባሉ በየአስተያየቱ ይቀልዳሉ። አገር ያወቀው፣ ፀሐይ የሞቀው ፍቅር! ያልሰማሁት እኔ ብቻ።

በማግስቱ ገና ሳልቀመጥ ጠየቅሁት።

«መግለጫው ላይ ለምን አልጻፍካትም?»

ወንበሩ ተንቋቋ። «ፈራሁ... እምቢ ብትይኝስ? ስስልሽ ግን የነገርኩሽ ይመስለኝ ነበር።»

«ለኔ? በሥዕል?»

እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጥ ሰማሁ።

«እኔኮ እወድሃለሁ» አልኩት። «ነግረኸኝ ቢሆን በደስታ አብድ ነበር! አሁን ግን ዝም ባልክ ቁጥር ‹ምን ቀረብኝ› እያልኩ ልኖር ነው። እህቴ የዣንጥላዬን ቀለም፣ አንተ የልብህን... የምሰማውን ሌላ ሰው ይመርጥልኛል። ከሌላው እችለዋለሁ። አንተን ግን ዓይኔ አድርጌህ ነበር።»

«ሁሉንም እጽፈዋለሁ። ይቅር በይኝ...»

«ይቅር ብዬሃለሁ። ጻፈው፤ ለሌሎቹም አንባቢዎች ይገባቸዋል። አርሜልህ ሥራውን እለቃለሁ።»

የመጨረሻ ቀኔ ላይ አዲሶቹን መግለጫዎች ከፈትኩ። ከትይዩ የብርቱካን ሽታ ይመጣል።

«ከኋላ፣ አንዲት ሴት ፊቷን ወደ ዝናቡ አቅንታ ትስቃለች። ዣንጥላዋ ቢጫ ነው። እጅግ ታምራለች።»

መልሼ አዳመጥኩት። እንደገናም መለስኩት። ጣቴ ማጥፊያው ላይ ቆየ። ከዚያ «እጅግ ታምራለች» የሚለውን አጠፋሁ። ሕጉን ያወጣሁት እኔው ነኝ።

የመጨረሻው ሥዕል ላይ ደረስኩ።

«መንገዱ። ዝናቡ አባርቷል። ሴቲቱ የለችም።»

አንድ ቃል አላረምኩም። «ተጣርቷል» የምትለዋን ተጫንኩ። ማዳመጫዬን ነቅዬ፣ ገመዱን ጠቅልዬ፣ መሳቢያው ውስጥ አስቀመጥኩት።