በአንገቷ ላይ የቀረው ሽታ

የሽቶ መደብሩ ባለቤት በጓዳው ደረጃ ግርጌ አንገቷ ወደ ጎን ተጠምዝዞ ተገኘች። ያገኘቻት ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ዕቃ አድርሳ የተመለሰችው ሻጯ ነበረች። ሐኪሙ ከዘጠኝ እስከ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ እንደሞተች ተናገረ። ክንዷ ላይ ጨምድዶ የያዛት እጅ ምልክት ስለነበር፣ አዳልጧት ነው ብሎ መዝገቡን መዝጋት አልተቻለም።

ኢንስፔክተሩ ሦስት ቀን ሙሉ ሻጯን፣ የሟችን ባልና ታናሽ እህቷን ሲያመላልስ ሰነበተ። ሻጯ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ደጅ ነበረች። ባልየው ለምሳ መጥቶ ሰባት ሰዓት ላይ ወጥቷል። እህትየዋ ጠዋት አምስት ሰዓት ላይ ብቅ ብላ እንደሄደችና ቀኑን ሙሉ የታመመች እናታቸውን ስታስታምም እንደዋለች ተናገረች። ለዚያች አንድ ሰዓት ግን ለአንዳቸውም ምስክር አልተገኘም። አለቃው በየማለዳው «የት ደረስክ?» ባለው ቁጥር ደሙ ይፈላል።

ከሁሉም ያበገነው የሽቶው ነገር ነው። ያን ቀን ጠዋት ለናሙና አንድ አዲስ የሴት ሽቶ መጥቶ ነበር፤ አንዲት ጠርሙስ ብቻ። ሟች አምስት ሰዓት ላይ በሻጯና በእህቷ ፊት ከፍታ አንገቷ ላይ ረጨችና መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችበት፤ ቁልፉም ኪሷ ውስጥ ተገኝቷል። ኢንስፔክተሩ በማግስቱ እንዲያው ለወጉ ያህል ሽታውን ጠይቋቸው ነበር። ሻጯ ኮክና አናናስ ነው፣ ራስ ያዞራል አለች። ባልየው ጽጌረዳ ነው አለ። እህትየዋ ግን ሽቶ ቆዳዋን ስለሚያሳክካት እንደማትነካ ነገረችውና፣ ዝግ ባለ ድምፅ «የእሷስ ለስለስ ያለ ቫኒላ ነው፤ የሞቀ ወተት የመሰለ» አለችው። አንዱን ጠርሙስ ሦስት ሰው ሦስት ዓይነት ሲያደርገው የተሳለቁበት መሰለውና ብዕሩን ወረወረ።

በንዴት ጠርሙሱን ከኤግዚቢት ክፍል አስወጥቶ ክንዱ ላይ ረጨ። ቢሮው በፍራፍሬ ሽታ ታፈነ፤ ባልደረቦቹ እያጉረመረሙ መስኮት ከፈቱ። አመሻሽ ላይ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ክንዱን ስባ አሸተተች።

«የማናት?»

ሥራ ነው ብሎ አስረዳት። አላመነችውም።

«ደግሞ ገና አሁን ነው የተረጨሁት እንዳትለኝ። ይሄ የዋለ ሽቶ ነው።»

ኢንስፔክተሩ ባለበት ቆመ። በማግስቱ ሰዓት ይዞ እንደገና ረጨ።

በአምስተኛው ቀን ሦስቱንም መደብሩ ውስጥ ሰበሰባቸው።

«ሽቶው እንደተረጨ የሚሸተው ኮክና አናናስ ነው» አለ ባንኮኒውን ተደግፎ። «ሻጯ እውነቷን ነው። ፍራፍሬው ሲጠፋ ጽጌረዳው ይወጣል፤ ባልየው ለምሳ ሲመጡ ያገኛቸው እሱ ነው። ቫኒላው የሚመጣው ግን ከተረጨ አራት ሰዓት ሲያልፈው ነው፤ ያውም አፍንጫን ቆዳው ላይ ካላስጠጉ አይሸትም።» ወደ እህትየዋ ዞረ። «እርስዎ አምስት ሰዓት ላይ ከወጡ ቫኒላውን የት አገኙት?»

ባልየው፣ አስከሬኑን ስትሰናበት ይሆናል ሲል ጣልቃ ገባ።

«ቃላቸውን የሰጡኝ አስከሬኑ ከሆስፒታል ሳይወጣ ነው። ጠርሙሱም ተቆልፎበታል። እርስዎ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ አንገቷ ሥር ነበሩ።»

እህትየዋ እጆቿን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«እማዬን ለአንድ ወር ብቻ ያዢልኝ ነው ያልኳት» አለች። «ዘጠኝ ዓመት ብቻዬን አነሳኋት፣ አጠብኳት። እንቅልፍ የወሰዳት ጊዜ ሮጬ መጣሁ። ‹አንቺ ሌላ ምን ሥራ አለሽ?› አለችኝና ጀርባዋን ሰጠችኝ። ክንዷን ያዝኩ። ከዚያ ገፋኋት። ወርጄ ሳቅፋት ትንፋሽ አልነበራትም።»

ኢንስፔክተሩ መዝገቡ ተዘጋለት፤ ንዴቱ ግን አልወጣለትም። በማን እንደሚናደድ እንኳ ጠፋው። አሁን እናትየዋ ጋ ማን እንዳለ ጠየቃት። ማንም አልነበረም።

ባልየው ተነሳ። የእህትየዋን ፊት አላየም።

«መድኃኒቷን በስንት ሰዓት ነው የምትወስደው?»

«በአሥራ ሁለት» አለችው። «ቀና አድርገህ ስጣት፤ ተኝታ ከዋጠችው ያንቃታል።»