ሁለት ዓይን ለአንዲት ጨረቃ

«ስንቁን አንቺ ተሸከሚ፤ ቀስቱን ግን እንዳትነኪ» አላት ባሻ አወሌ፣ የሸውደራ ቤተ መንግሥት ዝነኛ ቀስተኛ።

ዘይቱና ስንቁን አየች፤ እሱን አየች።

«ባሻ፣ እኔ የመስጊዱ ምስክር ነኝ። ሼሁማ ‹በቅሎ የሚስብልሽ አሽከር በሩ ላይ ይጠብቅሻል› ነው ያሉኝ።»

ተያዩ። በቅሎም አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግርዳሽ የተባለ፣ የክንፉ ጥላ ሰባት ሸለቆ የሚያለብስ ጥቁር አሞራ በሐምበልታ ተራራ አናት ላይ ተቀምጦ የምዕራቡን ሰማይ ጋርዷል። ጨረቃ ጠፍታ ሕዝቡ ሠላሳ ሦስተኛ ቀኑን ይጾማል። የሱልጣኑ ዋና ሹም፣ ወዚሩ፣ «በመዝገባችን መሠረት ዛሬ ኢድ ነው፤ የጾመ ይታሰራል!» ብሎ አወጀ። የመስጊዱ ሼህ «ጨረቃ ሳትታይ የበላ ከእኛ አይደለም!» ብሎ መለሰ። በባዶ ሆድ የተጀመረ ክርክር ደግሞ ማብረጃ የለውም፤ ሁለቱም ወገን ሰይፉን መዝዞ ከከተማዋ በር ተሰለፈ። የዘይቱና አባት ከሼሁ ጋር፣ ወንድሟ ከወዚሩ ጋር። ቃዲው መሐል ገብቶ እስከ ማታው የመግሪብ አዛን ድረስ ፋታ ለመነ፦ ከየወገኑ አንድ ሰው ወጥቶ ጨረቃዋን አይቶ ይመስክር፤ ያለዚያ ይዋጣላቸው።

ሽቅብ ሲወጡ ነፋሱ መቆሚያ መቀመጫ ነሳቸው።

«መንግሥት ባይኖር ይህን መንገድ ማን ይጠርገው ነበር?» አለ ባሻ።

«መንገድ ነው እንዴ?» አለች እሾህ ከእግሯ እየነቀለች።

ከአናቱ ሲደርሱ ግርዳሽ አንገቱን አነሳ፤ ተራራው አብሮት ተነሳ። እሱ ላይ ያነጣጠረ ዓይን እንደሚጠፋ በሸውደራ ሕፃን እንኳ ያውቃል። ባሻ ቀስቱን ሳበ፤ ክንዱ ግን እኩል መንገድ ላይ ከዳው።

«ባሻ... ይጾማሉ እንዴ?»

«ዝም ብለሽ ሳቢ!»

ጅማቱን አብራው ያዘች። ሁለት ሰው የሳበውን ቀስት አንድ ሰው አያነጣጥረውም።

«አንድ አንድ ዓይናችንን እንጨፍን» አለች። «የተጨፈነው ለጨረቃ ይተርፋል።»

«በሱልጣኑ እንጀራ እምላለሁ፣ ከዚህ ወዲያ አላፈገፍግም!»

«በፈጠረኝ ጌታ እምላለሁ፣ አባቴና ወንድሜ ከአንድ ማዕድ ሳይቀርቡ ይህን ጅማት ለፍርሃት አለቅም!»

ፍላጻው ተፈተለከ። ግርዳሽ እንደሚቃጠል ደን ጮኾ ወደቀ፤ አመድ ሆኖም በነፋሱ ተበተነ። የዘይቱና ቀኝ ዓይን እንደ ጠፋ ኩራዝ ጭልም አለ። በግራው አየች፦ ገና ካልጠለቀችው ፀሐይ በላይ የአራት ቀን ጨረቃ፣ ሲፈልጓት የከረሙትን ሰዎች የታዘበች መስላ፣ ወፈር ብላ ቆማለች።

«አየሻት?»

«አየኋት። እርስዎስ?»

ባሻ ያልጠፋውን ዓይኑን ጠረገ።

አዛን ሊባል ጥቂት ሲቀረው እየተደጋገፉ ከበሩ ደረሱ፤ በቃዲው ፊት ቆመውም መሰከሩ። ወዚሩና ሼሁ ለምዕራብ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ሰይፋቸውን እንደያዙ፣ የምስክሮቹን ፊት መረመሩ።

«ሸሪዓው ሁለት ምስክር ይላል» አለ ሼሁ። «የሁለት ሰው ደግሞ አራት ዓይን ነው። የመጣልን ሁለት!»

«በዚህስ» አለ ወዚሩ፣ «በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሼሁ ጋር እስማማለሁ።»

ከኋላቸው ባለው ሰልፍ ውስጥ የዘይቱና ወንድም ሰይፉን ወደ አፎቱ ሲመልስ ተሰማ፤ ጎኑ ያለውም እንዲሁ። አባቷ በሁለት መዳፉ ፊቱን አበሰ። ሰዉ ሁሉ ወደ ምዕራብ አንጋጧል።

ዘይቱና ከጠፋው ዓይኗ የሚወርደውን እንባ በነጠላዋ ጠረገች።

«አባቶቼ፣ የጎደሉትን ሁለቱን እናንተ ሙሉልን» አለች። «ዞር ማለት ብቻ ነው።»