አናት ላይ አትሙላ

ሁለቱ ከባድ መኪኖች ከዴፖው በር ሲወጡ ገና አልነጋም። ፊት የወጣው አዲሱ የኤሌክትሪክ መኪና ነው፤ ከጎማው በቀር ድምፅ የለውም። ነባሩ ሹፌር በናፍጣ መኪናው እያጓራ ተከተለው። አዲሱን የያዘው የእህቱ ባል ነው። መሪ ያስጨበጠው እሱ፣ ማርሽ ያስለመደው እሱ፤ አዲሱ ቁልፍ ግን ለአማቹ ተሰጠ። አንጀቱ አርሯል።

ሥራ አስኪያጁ ደግሞ «የኤሌክትሪኩ በረሃውንና ተራራውን አቋርጦ የውሃ ፓምፖቹን በደህና ካደረሰ፣ የናፍጣዎቹን እንሸጣለን» ብሏል።

እህቱ በር ድረስ ሸኝታቸው ነበር። «ሁለታችሁም በአንድ መንገድ አትሂዱ ብል ማን ይሰማኛል? አንዳችሁ እንኳ ብትተርፉልኝ።»

«ሟርትሽን ተይ» አላት ነባሩ ሹፌር።

መካኒኩም ሳይነሱ የናፍጣውን መስኮት አንኳኩቶ ነበር። «አማችህ ስልጠናውን አልጨረሰም። ንገረው፣ ተራራው አናት ላይ ባትሪውን እንዳይሞላ። ይኼ መኪና ቁልቁለት ላይ የሚይዘው ኃይሉን መልሶ ባትሪው ውስጥ እየከተተ ነው። ሙሉ ከሆነ የት ይክተተው? ፍሬን ብቻ ይቀረዋል።»

«እነግረዋለሁ» አለ።

በረሃው መሀል አውሎ ነፋስ ተነሳ። አሸዋው ሰማዩን ዋጠው፤ የናፍጣው አየር ማጣሪያ ታፍኖ ሞተሩ ታንቆ ቆመ። ነባሩ ሹፌር ወርዶ ማጣሪያውን ሲያራግፍ አማቹ ፊቱን በሻርፕ ጠቅልሎ ውሃ ይዞለት መጣ።

«ጋሼ፣ ይቺን አሮጊት መቼ ነው የምታሳርፋት?»

«አንተን ያሳደገች አሮጊት ናት። አፍህን ያዝ።»

ከበረሃው አልፈው ጫካው ሲገቡ ዝሆኖች መንገዱን ዘግተው ጠበቋቸው። የኤሌክትሪኩ እንደ ጥላ እየተንሸራተተ በመሀላቸው አለፈ፤ ጆሮ ያነሳ የለም። ናፍጣው ገና ሲያጓራ ግን ኮርማው ዞረ። ተንደርድሮ በጥርሱ የጎን መስተዋቱን ገንጥሎ ጣለው። ነባሩ ሹፌር በላብ ተነክሮ ሲያመልጥ፣ ከዝሆኑ ይልቅ ያቃጠለው ከፊቱ በእርጋታ የሚሄደው የኋላ መብራት ነበር።

ተራራው አናት ላይ የናፍጣ ማደያና ኤሌክትሪክ መሙያ ጎን ለጎን አሉ። አማቹ ገመዱን እየሰካ ሳቀ።

«አንተው ነህ ያስተማርከኝ። አናት ላይ ሳይሞሉ ቁልቁል የለም።»

ነባሩ ሹፌር አፉን ከፈተ፤ መልሶ ገጠመው። ትንሽ ፍሬኑ ይጋልበትና ዳር ይዞ ይቆማል፣ ያፍራል፣ በዚህ ማን ይሞታል ብሎ ራሱን አታለለ። ምሳ በሉ። ባትሪው ጢም አለ።

ቁልቁለቱን እንደ ጀመሩ ከፊቱ ካለው መኪና ጎማ ሥር ነጭ ጭስ ወጣ። ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ።

«ጋሼ፣ አይዝልኝም። ፍሬኑ ከድቶኛል።»

የእህቱ ድምፅ ጆሮው ላይ ጮኸ። ነዳጁን እስከ ወለሉ ረገጠ። በግራ ገደል፣ በቀኝ የአማቹ መኪና፤ በመሀል ባለችው ስንዝር ሾልኮ ፊት ገባ።

«መሪህን ቀጥ አድርግ። ጀርባዬ ላይ ተደገፍ።»

«ገፍቼህ ሁለታችንም ገደል እንገባለን።»

«ተደገፍ አልኩህ።»

ማርሽ ቀነሰ፤ አሁንም ቀነሰ። ግጭቱ ከወንበሩ አስፈነጠረው። አሮጊቷ ከነሸክሟ ተገፋች፤ ሞተሯ እየጮኸ፣ ጎማዋ ጠጠሩን እያረሰ ያዘች። ኩርባው መጣ። የፊት ጎማዋ አፋፉ ላይ ቆመ፤ ከሥሩ የተነቀለ ድንጋይ እየተንከባለለ ወርዶ ድምፁ ጠፋ።

አማቹ ወርዶ መንገዱ ላይ ተቀመጠ።

ፍሬኑ እስኪቀዘቅዝ ጠብቀው፣ ተደጋግፈው፣ በዝግታ ወረዱ። ፓምፖቹን የሚጠብቀው መንደር ደርሰው ሲያራግፉ ሥራ አስኪያጁ ለነባሩ ሹፌር ደወለ።

«እህስ፣ ያዋጣል አያዋጣም?»

አማቹ ሳጥን ተሸክሞ አጠገቡ ቆሟል። አያዋጣም ቢል የሚጠራጠረው የለም፤ የተጨማደደው የኤሌክትሪኩ የፊት መከላከያ ምስክር ነው።

«ያዋጣል» አለ። «ዳገቱን ከኔ ቀድሞ ወጥቷል። አናት ላይ እንዳይሞላ ብቻ። ቁልቁለቱ ራሱ ይሞላዋል።»

ስልኩን ዘጋ። አማቹ ሳጥኑን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ።

«ይኼን ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?»

«ከዴፖው።»

አማቹ ቀና ብሎ አየው። በዚህ መሀል የራሱ ስልክ ጮኸ፤ ሚስቱ ናት። ነባሩ ሹፌር አንገቱን ደፍቶ ጠበቀ።

«ደርሰናል» አላት አማቹ፣ ዓይኑን ከሱ ላይ ሳያነሳ። «አይ፣ ምንም አልሆንንም። ወንድምሽ ከፊቴ ነበር።»